ስፒድዌይ፣ ከጎንደር ሲታይ

ስፒድዌይ በአፈር ሜዳ ላይ የሚካሄድ የሞተር ሳይክል ውድድር ነው። አራት ተወዳዳሪዎች ከአንድ መስመር ተነሥተው ሞላላውን ሜዳ አራት ጊዜ ይዞራሉ። የሚታጠፉት ወደ ግራ ብቻ ነው። ሞተሩ አንድ ማርሽ ብቻ አለው፣ ፍሬን ደግሞ ጭራሽ የለውም። አንዱ ሩጫ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አንድ ተወዳዳሪ በአንድ ምሽት አምስት ጊዜ ቢሮጥ ሞተር ላይ የቆየው አምስት ደቂቃ ያህል ነው፤ የሳምንቱ ድካም፣ ወጪና ጉዞ ሁሉ የሚዘረጋው ለእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ነው።

ጎንደር ውስጥ የስፒድዌይ ሜዳ የለም። ነገሩ ግን ለጎንደር ሰው ያን ያህል ባዕድ አይደለም። ክረምት ላይ አስፋልቱን ለቆ በጭቃ መንገድ ሞተር የነዳ ሁሉ የኋላ ጎማ ወደ ጎን ሲሄድበት ሆዱ እንዴት እንደሚባባ ያውቃል። ሌላው ሞተረኛ የሚሸሸውን ያንን ቅጽበት ስፒድዌይ ሥራዬ ብሎ ይዞታል። ጉግስ የተመለከተም አንድ ነገር ይገባዋል፤ እዚያም እዚህም ሰውን ከሰው የሚለየው ጉልበት ሳይሆን በጋለበው ነገር ላይ ያለው ሥልጣን ነው። ልዩነቱ ፈረሰኛው ልጓም አለው።

ጅማሮው

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ብዙ ጊዜ የስፖርቱ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው በታኅሣሥ 1923 በአውስትራሊያዋ ዌስት ማይትላንድ ከተማ፣ በእርሻ ትርኢት ሜዳ ላይ የተካሄደው ውድድር ነው። አዘጋጁ ኒውዚላንዳዊው ጆኒ ሆስኪንስ ነበር። ከዚያ በፊትም በአሜሪካና በአውስትራሊያ የአፈር ላይ ሩጫ ስለነበረ «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል ዛሬም ያከራክራል። በየካቲት 1928 ለንደን አጠገብ ሃይ ቢች በተባለ ቦታ የተዘጋጀው ውድድር ስፖርቱን ለእንግሊዝ አስተዋወቀ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ሜዳዎቹ በየከተማው ፈሉ። በ1936 በዌምብሌይ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ተካሄደና አውስትራሊያዊው ላየነል ቫን ፕራግ አሸነፈ።

የዓለም ሻምፒዮን ለረጅም ዘመን የሚለየው በአንድ ምሽት ፍጻሜ ነበር። ያን ምሽት ሰንሰለቱ የተበጠሰበት ሰው ዓመቱን ሙሉ አንደኛ ሆኖ ቢቆይም ቀርቶበት ይሄዳል። ከ1995 ጀምሮ ግን በተለያዩ አገሮች የሚካሄድ ተከታታይ ውድድር፣ ግራንድ ፕሪ፣ ተተካ። አንዳንድ የድሮ ተመልካች የአንዱን ምሽት ድንጋጤ ይናፍቃል፤ በፍትሕ ረገድ ግን አዲሱ ሥርዓት ይሻላል።

ሞተሩ

የስፒድዌይ ሞተር ባለ 500 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት ነው። ነዳጅ ሳይጨመርበት ክብደቱ ከ77 ኪሎ ማነስ የለበትም። ጉልበቱ 70 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። በከተማችን የሚመላለሰው ባለ 125 ሲሲ ሞተር ከ10 የፈረስ ጉልበት ብዙም እንደማይርቅ፣ ክብደቱም ከዚህኛው እንደሚበልጥ ሲታሰብ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የኋላው ተሽከርካሪ ሞላ የለውም፤ በቀጥታ ከሻሲው ጋር ይያያዛል። የፊተኛው ቸርኬ 23 ኢንች ሲሆን ቀጭን ነው፤ የኋላው 19 ኢንች ነው።

ነዳጁ ንጹሕ ሜታኖል ነው። ቤንዚን አንድ ኪሎ ለመንደድ 14.7 ኪሎ አየር ሲፈልግ ሜታኖል የሚበቃው 6.4 ኪሎ ነው። ስለዚህ ለዚያው አየር ከእጥፍ በላይ ነዳጅ መግባት አለበት፤ የካርቡሬተሩ የነዳጅ ቀዳዳ ከቤንዚን ሞተር ቀዳዳ በጣም የሚሰፋውም ለዚህ ነው። ሜታኖል ሲተን ሙቀት ስለሚስብ ሞተሩን ከውስጥ ያቀዘቅዛል፤ ስለዚህም ቤንዚን የማይችለውን እመቃ ይችላል። ችግሩ ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ አሉሚኒየም ይበላል። ከውድድር በኋላ ታንከሩና ካርቡሬተሩ ሳይራገፍ ካደረ፣ በሳምንቱ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት የነዳጅ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ነዳጁ ያንሳል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ፒስተኑ ይበሳል። ሜታኖል እንደ ቤንዚን ጥቀርሻ ስለማይተው በካንዴላ ቀለም አይቶ መፍረድም ይከብዳል።

ዘይቱ ብዙውን ጊዜ ከጉሎ ዘይት የሚሠራ ነው፤ በየጓሯችን ጥግ የሚበቅለው ያው ጉሎ። ሜታኖል በቀላሉ ስለማያቀጥነው ለዚህ ሞተር ተስማማ። ሜዳው ሁሉ የሚሸተው ያ የተለየ ሽታም ከእሱ ነው። ቶሎ ስለሚያረጅና እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ ግን ቶሎ ቶሎ መለወጥ አለበት።

ሁለት የደኅንነት ነገሮች ግዴታ ናቸው። አንደኛው ከተወዳዳሪው የእጅ አንጓ እስከ ሞተሩ የሚደርስ ገመድ ነው፤ ሰውየው ሲወድቅ ገመዱ ተስቦ ሞተሩን ያጠፋል። ሁለተኛው ከኋላ ጎማ አጠገብ፣ መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ወርዶ የሚንጠለጠል የአፈር መከላከያ ነው። ፓራፋንጎ ብቻውን ጎማው የሚወረውረውን አፈር አይከለክልም፤ ይህ ከሌለ ከኋላ የሚመጣው ሰው መነጽሩ በአንድ መታጠፊያ ይሸፈናል።

መንሸራተቱ

መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ተወዳዳሪው ሞተሩን ወደ ግራ ይጥለዋል። የኋላው ጎማ ወደ ውጭ ይሸሻል፣ የፊተኛው ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ማለትም ሰውየው ወደ ግራ እየሄደ መሪው ወደ ቀኝ ነው። ግራ እግሩን ዘርግቶ መሬቱን ይዳብሳል። ጫማው ሥር የታሰረው ከብረት የተሠራ ሶል በአፈሩ ላይ ይንሸራተታል። እግሩ ሚዛኑን የሚሰማበት እንጂ የሚደገፍበት አይደለም፤ ክብደቱን እግሩ ላይ የጣለ ጀማሪ ጉልበቱን ይጠመዝዛል።

መታጠፊያ ውስጥ ያለው ዋና ሕግ ለጀማሪ የሚገለባበጥበት ነው፤ ሲፈራ ጋዝ መቀነስ የለበትም። የኋላው ጎማ የሚንሸራተተው በጉልበት እየተሽከረከረ ስለሆነ ነው። ድንገት ጋዙ ሲዘጋ ጎማው መሬቱን ይነክሳል፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይነሣና ሰውየውን ወደ ውጭ፣ ብዙ ጊዜም በመሪው ላይ አሳልፎ ይወረውረዋል። ተቃራኒውም አለ። ደረቅ ሜዳ ላይ እርጥብና ጥልቅ የሆነ ቦታ ካጋጠመ ጎማው በድንገት ይይዛል፣ የፊቱ ይነሣል፣ ሞተሩ ቀጥታ ወደ አጥሩ ይነጉዳል። ስለዚህ ጎበዝ ተወዳዳሪ ከሩጫ በፊት በእግሩ ዞሮ ሜዳውን ያያል፤ የት እንደጠቆረ፣ የት እንደተፈረፈረ፣ አፈሩ ወደ አጥሩ ተጠርጎ የት እንደተከመረ። የተከመረው አፈር ጎማውን ስለሚይዝ ውጩን ይዞ መዞር ርቀቱ ቢረዝምም አንዳንዴ ይፈጥናል።

ፍሬን የሌለው ለምንድን ነው? አራቱም በአንድ ክንድ ርቀት ስለሚሄዱ ነው። ፊት ያለው ድንገት ቢይዝ ኋላ ያለው የት ይገባል?

አነሣሥ

አብዛኛው ሩጫ የሚወሰነው በመነሻውና በመጀመሪያው መታጠፊያ ነው። ሁለት ደቂቃ ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያልቀረበ ይሰረዛል። ተወዳዳሪው የቆመበትን አፈር በጫማው ይደለድላል፣ የኋላ ጎማው የሚነክስበትን ቦታ ያበጃል። ፊቱ የተዘረጉት ገመዶች ሽው ብለው ወደ ላይ ሲነሡ ፍሪሲዮኑን ይለቃል። ቶሎ ከለቀቀ የፊት ጎማው ይነሣል፣ ወይም የኋላው ባለበት ይሽከረከራል። ከዘገየ ሦስቱ ቀድመውታል። ሰውነቱን ወደ ፊት የሚያጋድለው የፊቱን ወደ ታች ለመያዝ ነው፤ ግን አብዝቶ ካጋደለ የኋላው ይቀልና አይነክስም።

እዚህ ላይ ብዙ ነጥብ የሚበላው የፍሪሲዮን ሙቀት ነው። ሞተሩ እየጮኸ ፍሪሲዮኑ ተይዞ ሲቆይ ሸራዎቹ ይግላሉ፣ ይጣመማሉ። የተጣመመ ሸራ ሙሉ በሙሉ አይላቀቅም፤ ሞተሩ እየተንፏቀቀ ገመዱን ይነካል። ገመድ የነካ በግራንድ ፕሪ ከሩጫው ይሰረዛል። ስለዚህ ሜካኒኮች በሩጫ መካከል ከሚያዩት ነገር ሁሉ ፍሪሲዮኑ ቀዳሚው ነው።

ነጥብ

አንደኛ 3፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1፣ አራተኛ 0። በተለመደው የግል ውድድር 16 ሰዎች በ20 ሩጫዎች ይገናኛሉ፤ ሰንጠረዡ እያንዳንዱ ሰው ሌሎቹን ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ እንዲገጥም ተደርጎ የተሰላ ነው። በክለብ ግጥሚያ ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ሆነው ይሰለፋሉ፤ ትልቁ ውጤት 5 ለ 1 ነው። የባልደረባውን ጀርባ ጠብቆ ተከትሎት የገባ ሰው ለክፍያ የሚታሰብ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። አለበለዚያ ማንም ለጓደኛው መንገድ አይዘጋም ነበር።

የተወዳዳሪው ዕድሜ

በፖላንድ፣ በዴንማርክና በስዊድን ልጆች በትንንሽ ሞተር ይጀምራሉ፤ ከዚያ 125 ሲሲ፣ ቀጥሎ 250 ሲሲ፣ በመጨረሻም 500 ይይዛሉ። በፖላንድ ሊግ ክለቦች ወጣት ፖላንዳውያንን የማሰለፍ ግዴታ አለባቸው። ይህ ሕግ ለአንድ የ17 ዓመት ልጅ የተጠበቀ ቦታ ይሰጠዋል። ነገር ግን 21 ዓመቱን ሲያልፍ ቦታው ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ የሚፎካከረው ከዓለም ሻምፒዮኖች ጋር ነው። ብዙ ተስፋ የተጣለባቸው ስሞች የጠፉት በዚህ ደጃፍ ላይ ነው። አንድን ወጣት በ19 ዓመቱ ነጥብ መገመት ለዚህ ነው ስሕተት የሚሆነው።

ጠንካራው ሊግ የፖላንዱ ኤክስትራሊጋ ነው። ሌሽኖ 60 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ ስትሆን ክለቧ ዩኒያ ሌሽኖ በፖላንድ ብዙ ጊዜ ሻምፒዮን ከሆኑት ክለቦች ግንባር ቀደሙ ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ዋንጫውን ሲያነሣ ጎንደር የነበረችውን ለሚያስታውስ ሰው፣ ሌሽኖ እሑድ ማታ ምን እንደምትመስል መንገር አያስፈልግም። የሚለየው እዚያ ከተማው የሚወጣው ለሞተር ነው።

ዓለም አቀፍ ተወዳዳሪ የአንድ ክለብ ሰው አይደለም። በባህሉ ፖላንድ ዓርብና እሑድ፣ እንግሊዝ ሰኞና ሐሙስ፣ ስዊድን ማክሰኞ፣ ዴንማርክ ረቡዕ ትጫወታለች። ስለዚህ አንድ ሰው እሑድ ፖላንድ፣ ማክሰኞ ስዊድን ሊሮጥ ይችላል። እሱ በአውሮፕላን ሲሄድ ሜካኒኩ ሞተሮቹን በቫን ጭኖ ሌሊቱን ይነዳል፤ አቅም ያላቸው ደግሞ በየአገሩ የተለየ ሞተር ያስቀምጣሉ። ወቅቱ በአውሮፓ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው፤ የእኛ ክረምት የሚወድቀው ልክ በወቅቱ መሐል ነው። በዝናብ የሚሰረዝ ግጥሚያ ግን እዚያም ብዙ ነው፤ የተሰረዘው ቀን ደግሞ የታሰበለትን የቀን መቁጠሪያ ሁሉ ያምሰዋል።

ገንዘቡ የሚመጣው ከሁለት አቅጣጫ ነው፤ ለፊርማ የሚከፈል አለ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚከፈል አለ። ወጪው ግን የራሱ ነው፤ ሞተሩን የሚያስተካክልለት ባለሙያ፣ ሜካኒኮች፣ ጎማ፣ ሸራ፣ ሰንሰለት፣ ነዳጅ፣ ቫን፣ ትኬት። በነጥብ የሚከፈለው ሰው የክንዱ አጥንት ተሰብሮ ሦስት ሳምንት ቢተኛ ገቢው ይቆማል፣ ወጪው አይቆምም። ብዙዎች ሳይድኑ የሚመለሱበት ምክንያት ድፍረት ብቻ እንዳይመስለን።

ከላይ ያለው ደረጃ ጠባብ ነው። ግራንድ ፕሪ የሚሮጡት 15 ቋሚ ተወዳዳሪዎችና በየውድድሩ አንድ ተጋባዥ ናቸው። ከ2020 ጀምሮ የአንዱን ግራንድ ፕሪ ፍጻሜ ያሸነፈ ለሻምፒዮናው 20 ነጥብ፣ ሁለተኛው 18 ያገኛል። ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆኑት ሦስት ሰዎች ናቸው። ኒውዚላንዳዊው አይቫን ሞገር በ1968፣ 1969፣ 1970፣ 1972፣ 1977 እና 1979፤ ስዊድናዊው ቶኒ ሪካርድሰን በ1994፣ 1998፣ 1999፣ 2001፣ 2002 እና 2005፤ ፖላንዳዊው ባርቶሽ ዝማርዝሊክ በ2019፣ 2020፣ 2022፣ 2023፣ 2024 እና 2025። አሜሪካዊው ግሬግ ሃንኮክ የመጨረሻ ዋንጫውን በ2016 ሲወስድ 46 ዓመቱ ነበር። ሌላ የሞተር ስፖርት ይህን ዕድሜ እምብዛም አይታገሥም፤ እዚህ ግን ሜዳ ማንበብና ገመዱን ጠብቆ መነሣት ከሠላሳ ዓመት በኋላም ይሻሻላሉ።

ጉዳት

የተለመደው የአንገት ሥር አጥንት (ደረትና ትከሻን የሚያያይዘው)፣ የእጅ አንጓና የጎድን አጥንት ስብራት ነው። ከዚያ የከፋም አለ። ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን የነበረው ዴንማርካዊው ኤሪክ ጉንደርሰን በ1989 በብራድፎርድ በደረሰበት አደጋ ዳግም አልተወዳደረም። አውስትራሊያዊው ዳርሲ ዋርድ በ2015 ፖላንድ ውስጥ ወድቆ አከርካሪው ተጎድቶ ሽባ ሆነ። የ2010ሩ ሻምፒዮን ቶማሽ ጎሎብ በ2017 የደረሰበት ተመሳሳይ ጉዳት ግን በስፒድዌይ ሳይሆን በሞቶክሮስ ልምምድ ነው። በትልልቆቹ ሜዳዎች መታጠፊያው ላይ በአየር የተነፋ ለስላሳ አጥር ይቆማል። ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ አጥሩ ሥር ሾልኮ የገባ ሰውን ግን አያድንም።

ሜዳው፣ አፈሩና የጎንደር ከፍታ

በዓለም አቀፉ ደንብ የሜዳው ዙሪያ ከ260 እስከ 425 ሜትር ነው፤ ስለዚህ የአትሌቲክስ መሮጫ ባለበት ስታዲየም ዙሪያ ይገባል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው አፈሩን ነው። ሥሩ የተጠቀጠቀ ጠንካራ መሠረት፣ ላዩ የተፈጨ ድንጋይ ወይም ጡብ ከጥቂት ሸክላ አፈር ጋር። ሸክላው ካነሰ ላዩ በሦስት ሩጫ ተጠርጎ አጥር ሥር ይከማቻል፤ ከበዛ እርጥቡ ይጣበቃል፣ ደረቁ እንደ ሰድር ይሆናል። የደምቢያ ዋልካ ለዚህ ፈጽሞ አይሆንም፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ገረጋንቲ ከተፈጨ ጥቁር ድንጋይ ጋር ተወንፍቶ ቢሞከር ይሻላል።

ውኃ ሌላው ነው። ሜዳው ዋዜማውን ጠልቆ እንዲረጥብ ይደረጋል፣ በውድድሩ መካከልም በቦቴ ይረጫል፣ ትራክተር ይደለድለዋል። በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ ማርከፍከፍ ላዩን ብቻ ያጨቀያል፤ ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ ነው። ጎንደር ለመጠጥ ውኃ ወረፋ በምትይዝበት በጋ ይህ ከወንዝ ወይም ከጣሪያ ከተጠራቀመ ውኃ ካልሆነ አሳፋሪ ነው። ቸኩሎ የተሠራ ሜዳ ምን እንደሚያመጣ በ2015 በዋርሶ ታይቷል፤ ብሔራዊ ስታዲየም ውስጥ ለጊዜው የተነጠፈው ሜዳና የመነሻው መሣሪያ አስቸግረው ግራንድ ፕሪው ከ12ኛው ሩጫ በኋላ ተቋርጧል።

ከፍታውም አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ያው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አምስት አንድ እጁን ያጣል። ከአውሮፓ የመጣ ካርቡሬተር ሳይነካ ቢገጠም ነዳጁ ስለሚበዛ ሞተሩ ይታፈናል፤ የነዳጁን ፍሰት 10 በመቶ ገደማ መቀነስ መነሻ ይሆናል። ጉልበቱ ስላነሰ የኋላውን ጥርስ አንድ ወይም ሁለት መጨመር ነው፤ ጥርስ ሲጨመር ከፍተኛው ፍጥነት ይቀንሳል፣ መነሻው ግን ይበረታል። እርጥብና የሚይዝ ሜዳ ላይም እንዲሁ ይጨመራል፤ ደርቆ የሚያዳልጥ ከሆነ ይቀነሳል።

ስለ ሜታኖል አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። መልኩና ሽታው ለአረቄ ይቀርባል፤ አረቄ ግን አይደለም። ትንሽ መጠን ዓይን ያጠፋል፣ ጥቂት ሲጨመር ይገድላል። የጠጣው ሰው መጀመሪያ የሰከረ እንጂ የታመመ አይመስልም፤ ዓይኑ ሲደበዝዝ ብዙ ሰዓት አልፏል። ሳይጠበቅ ወዲያው ሆስፒታል መውሰድ ነው። ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም፤ ሰውየው እየነደደ የሚጨፍር ይመስላል። ከውኃ ጋር ስለሚቀላቀል ብዙ ውኃ ያጠፋዋል። በጀሪካን ሳይሆን ስሙ በተጻፈበት ዕቃ፣ ከቤት ውጭ፣ ተቆልፎ ይቀመጣል።

በሩጫዎች መካከል

ለጎንደር ጋራዥ ሠራተኛ ከዚህ ስፖርት ሁሉ ቅርቡ የሜካኒኩ ቦታ ነው። ሞተሩ ከሜዳ ሲመለስ በፊት በውኃ ሳይሆን በብሩሽ አፈሩ ይነሣል፤ ውኃ ወደ ካርቡሬተሩ እንዳይገባ። ነዳጅ ይሞላል። ሰንሰለቱ በጣት ተጭኖ ይታያል፣ ላልቶ ከሆነ ይወጠራል፤ ከመጠን በላይ የተወጠረ ሰንሰለት ኩሽኔታ ይበላል። የጎማው ጠርዝ ተበልቶ ከሆነ ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ይገለበጣል፣ ስለታሙ ጎን ወደ ሥራ ይመጣል። የፍሪሲዮኑ ክዳን ተከፍቶ ሸራዎቹ ይነፋሉ። የእጅ አንጓው ገመድ ተስቦ ሞተሩ መጥፋቱ ይረጋገጣል። ተወዳዳሪው ቀርቦ አንድ ቃል ይላል፤ «ይይዛል» ወይም «ያዳልጣል»። በዚያ ቃል ጥርሱ ይለወጣል ወይም ይተዋል። የሁለት ደቂቃው ምልክት ሲሰጥ ሜካኒኩ ሞተሩን እየገፋ ያስነሣል፤ ይህ ሞተር የማስነሻ መርገጫም ባትሪም የለውም።